አራተኛው ታክል ማን ነው? የመከላከያ መስመር ክብደትና ተጠባባቂዎች

ጁላይ ሊያልቅ ሲል የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ) ቡድኖች ለቅድመ ውድድር ዝግጅት ይሰበሰባሉ። ደጋፊውም የተጫዋቾችን ዝርዝር አውጥቶ ኪሎ መቁጠር ይጀምራል። ከአንዱ የመሀል ተከላካይ ስም ጎን 340 ፓውንድ ተጽፎ ሲያይ ልቡ ያርፋል፤ 285 ሲያይ ደግሞ «በዚህ ልጅ ላይማ ይረማመዱበታል» ይላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ክብደት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሰውየው የት እንደሚቆም፣ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ፣ በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ እንደሚሰለፍና ሲደክመው ማን እንደሚተካው ሳይታወቅ ቁጥሩ ብዙ አይናገርም። እንደ እኔ እምነት፣ አንድ ቡድን በዲሴምበር ብርድ ኳሱን ይዞ እየሮጠ የሚመጣበትን ተጋጣሚ ያቆም እንደሆነ ቀድሞ ለማወቅ ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ «አራተኛው ታክል ማን ነው?» የሚለው ነው። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልጀምር። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን የሚያውቅ ይህን አንቀጽ ሊዘለው ይችላል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። እያንዳንዱ ሙከራ የሚጀምረው ሴንተሩ ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ሲያቀብል ነው፤ ይህ ስናፕ ይባላል። ሙከራው በአብዛኛው 5 ወይም 6 ሰከንድ ቆይቶ ያልቃል። በአጥቂው በኩል አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ፦ መሀል ላይ ሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ከነሱ ውጪ ሁለት የአጥቂ ታክሎች። ፊት ለፊት የሚገጥሟቸው ሦስት ወይም አራት ሰዎች የመከላከያ መስመር ናቸው። የመሀሎቹ ታክል፣ የዳሮቹ ኤጅ ይባላሉ፤ ከኋላቸው ላይንባከሮች ይቆማሉ። «ታክል» የሚለው ስም በሁለቱም ወገን መኖሩ ያደናግራልና ከዚህ በኋላ ታክል ብቻ ሲባል የመከላከያው እንደሆነ ይያዝ።

ክብደት እንደ ቦታው

በአጥቂዎቹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍተት የፊደል ስም አለው። በሴንተሩና በጋርዱ መካከል ያለው ኤ፣ በጋርዱና በአጥቂ ታክሉ መካከል ያለው ቢ፣ ከአጥቂ ታክሉ ውጪ ያለው ሲ ነው። ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው ከነዚህ በሮች በአንዱ ለመግባት ይመጣል። ተከላካዮቹ የሚቆሙበት ቦታ ደግሞ ቁጥር አለው። ልክ በሴንተሩ አፍንጫ ፊት የሚቆመው 0፣ በሴንተሩ አንድ ትከሻ በኩል ዞር ያለው 1፣ በጋርዱ ውጫዊ ትከሻ ላይ የሚቆመው 3፣ በአጥቂ ታክሉ ውጫዊ ትከሻ ላይ የሚቆመው 5፣ ከሁሉም ርቆ ዳር የሚቆመው 9 ነው። ስለ ክብደት ሲወራ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

0 እና 1 ላይ የሚቆመው ኖዝ ታክል የጎጆው ምሰሶ ነው። ከ320 እስከ 350 ፓውንድ፣ ማለትም ከ145 እስከ 159 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይፈለግለታል። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ሴንተሩና ጋርዱ ተጋግዘው ሲገፉት፣ እያንዳንዳቸው 310 ፓውንድ ቢሆኑ፣ 620 ፓውንድ ወይም ወደ 281 ኪሎ ይመጣበታል፤ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭነት ከነግፊቱ ማለት ነው። ኖዝ ታክሉ ሁለቱን እንዲያሸንፍ አይጠበቅበትም። ቦታውን ሳይለቅ ሁለቱንም ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይዞ ካቆየ፣ ከኋላው ያለው ላይንባከር ማንም ሳይነካው ሯጩ ዘንድ ይደርሳል። በስታቲስቲክሱ ላይ የሚጻፈው የላይንባከሩ ስም ነው። ኖዝ ታክልን ኳርተርባኩን (የአጥቂውን ጨዋታ የሚመራውንና ኳሱን የሚወረውረውን ሰው) በመጣል ብዛት፣ ማለትም በሳክ መመዘን፣ በረኛን በጎል ብዛት እንደ መመዘን ነው።

3 ላይ የሚቆመው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ጋርዱን ብቻ ነው። ከ280 እስከ 315 ፓውንድ በቂው ነው፤ ከክብደቱ ይልቅ የመጀመሪያ እርምጃው ፍጥነትና የእጁ ቅልጥፍና ይፈለጋል። አሮን ዶናልድ በ2014 ለኤንኤፍኤል ምርጫ (ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ ለሚወስዱበት) ሲመዘን 285 ፓውንድ፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ85 ገደማ ነበር። ትንሽ ነው ያሉት ብዙ ነበሩ። በ2017፣ በ2018 እና በ2020 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ። ያው ሰው በየሙከራው 0 ላይ ቆሞ ሁለት ሰው ሲሸከም እንዲውል ቢታዘዝ ኖሮ ግን ፍጥነቱ በከንቱ ይባክን ነበር።

በሦስት ሰው መስመር 5 ላይ ወይም ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቶ የሚቆመው ከ285 እስከ 310 ፓውንድ ይሆናል፤ ለሱ የክንድ ርዝመት ወሳኝ ነው። 33 ኢንች፣ 84 ሴንቲሜትር፣ ብዙ መልማዮች እንደ ዝቅተኛ ልክ የሚይዙት ነው። ክንዱ አጭር ከሆነ የአጥቂ ታክሉ ቀድሞ ደረቱን ይይዘዋል፤ አንዴ ከተያዘ ክብደቱ ብዙ አይጠቅመውም። ዳር የሚሮጡት ኤጆች ከ245 እስከ 275 ይመዝናሉ።

እዚህ ላይ የአሰልጣኙ ዘዴ ይገባል። አንዳንዱ አሰልጣኝ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ በር ብቻ ይሰጣል፦ «ኤ የሚባለውን በር ሰብረህ ግባ» ይለዋል። ሌላው ሁለት በር ያስጠብቃል፦ ከፊትህ ያለውን ሰው ይዘህ ቁም፣ ሯጩ ወደየት እንደሚሄድ አይተህ ወደዚያ ጣለው ይላል። ለመጀመሪያው 295 ፓውንድ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ያው ሰው ይሳሳል። ስለዚህ የመከላከያ አሰልጣኝ ሲቀየር አንድም ተጫዋች ሳይለቅ መስመሩ በድንገት «ቀለለ» ሊባል ይችላል።

ትልቅነት ከፍጥነት ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል ጆርዳን ዴቪስን ማየት ነው። በ2022 የኤንኤፍኤል ምርመራ (ለምርጫው የሚቀርቡ ተጫዋቾች በሚለኩበትና በሚፈተኑበት) 341 ፓውንድ መዝኖ፣ አንድ ኩንታል ተኩል አልፎ፣ 40 ያርዱን በ4.78 ሰከንድ ሮጠ። ፊላደልፊያ ኢግልስ በ13ኛው ምርጫ ወሰደው። ሆኖም ኪሎ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ አይጨምርም። ዴቪስ ራሱ ከ2025 ውድድር በፊት ክብደት ቀንሶ መጣ፤ በዚያው ሴፕቴምበር 21 ቀን የሎስ አንጀለስ ራምስን የመጨረሻ የፊልድ ጎል ምት (በእግር ተመትቶ ሦስት ነጥብ የሚያስገኘውን) በእጁ መልሶ ኳሷን አንስቶ 61 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። በሌላው ጫፍ፣ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዴዝመንድ ዋትሰን በ2025 የጸደይ ምርመራ 464 ፓውንድ፣ ከ210 ኪሎ በላይ መዘነ። 225 ፓውንድ ብረት 36 ጊዜ ገፍቶ ጉልበቱን አሳየ። ታምፓ ቤይ አስፈረመው፤ ዝግጅቱ ሲጀመር ግን ክብደቱ እስኪቀንስ ልምምድ እንዳይሠራ ተደረገ። ችግሩ የጉልበት አልነበረም። ያንን ያህል አካል ወድቆ በፍጥነት ለመነሳት፣ በኦገስት ሙቀት ለመቀዝቀዝና በተከታታይ አምስት ስድስት ጊዜ ለመሰለፍ ይከብደዋል።

በዝርዝር ላይ የሚታየው ቁጥር ራሱ መፈተሽ አለበት። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ በሚደረገው የኤንኤፍኤል ምርመራ የሚወሰደው ልክ ትክክለኛ ነው፤ ቁመት እስከ ኢንች አንድ ስምንተኛ ይለካል። ኮሌጆች በድረ ገጻቸው የሚጽፉት ግን ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የተሞላ ነው፤ አንድ ኢንችና አሥር ፓውንድ መጨመር የተለመደ ነው። የኤንኤፍኤል ቡድኖች ዝርዝርም ተጫዋቹ ሲፈርም የተጻፈው ቁጥር ለዓመታት ሳይታደስ የሚቆይበት ጊዜ አለ። አንድ ትልቅ ሰው በኦገስት ልምምድ በአንድ ቀን ብቻ ብዙ ፓውንድ በላብ ያጣል። ቁመትም ሁለት ስለት አለው፦ ረጅሙ ክንዱ ይረዝማል፣ ግን ሲደክመው ቀና ይላል፤ ቀና ያለን 340 ፓውንድ ዝቅ ብሎ የገባ 300 ፓውንድ ይገፋዋል።

63 ስናፕ ለስንት ሰው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ የኤንኤፍኤል መከላከያ በአንድ ጨዋታ ከ60 እስከ 65 ስናፕ ይጫወታል። 63 እንበል። በአራት ሰው መስመር መሀል ላይ ሁለት ታክሎች ስለሚቆሙ 126 የታክል ሥራ አለ ማለት ነው። ሁለቱ ቋሚ ተሰላፊዎች 40፣ 40 ቢወስዱ 80 ይሆናል። የቀረው 46 ለሦስተኛውና ለአራተኛው 23፣ 23 ይደርሳቸዋል። ጤናማ ፈረቃ የሚባለው ይህን የመሰለ ነው።

አሰልጣኙ አራተኛውን ካላመነው ሦስቱ 42፣ 42 ይካፈላሉ። ይህ በወረቀት ላይ አያስፈራም። የሚያስፈራው አንዱ በሁለተኛው ሩብ ቁርጭምጭሚቱ ሲዞር ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ስናፕ ይቆማሉ። የዓመቱም ድምር አለ። 40 ስናፕ በ17 ጨዋታ 680 ነው፤ 55 ስናፕ በ17 ጨዋታ 935። ልዩነቱ 255፣ ማለትም በ40 ሒሳብ ከስድስት ጨዋታ በላይ ተጨማሪ ግጭት ነው። በኖቬምበር መስመሩ «ለምን ፈዘዘ?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ተቀምጧል።

አንድ ስናፕ 6 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ለምን ያደክማል? ምክንያቱም 6 ሰከንዷ ሙሉ ጉልበት ናት። ጡንቻ ለእንዲህ ያለ አጭር ግፊያ የሚያቃጥለውን ክምችት ሙሉ በሙሉ ለመተካት ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ የጨዋታው ሰዓት ግን በሙከራና በሙከራ መካከል 40 ሰከንድ ብቻ ይሰጣል። 10 እና 12 ስናፕ የሚዘልቅ ጥቃት ሲመጣ ጉድለቱ ይደራረባል። ምልክቱን ቴሌቪዥን ላይ ማየት ይቻላል። መጀመሪያ ዳሌው ከፍ ይላል፤ ከዚያ እጁ ዘግይቶ ይወጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ሲገፉት ሁለት ያርድ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለት ያርድ ሲሄድ የራሱን ላይንባከር ይዘጋበታል፤ ሯጩ ሳይነካ ያልፋል፤ ተመልካቹም ላይንባከሩን ይወቅሳል።

ደንቡም ነገሩን ያጠብቀዋል። አጥቂው ቡድን ተጫዋች ሲቀይር ዳኛው ኳሱ ላይ ቆሞ ተከላካዩም እንዲቀይር ጊዜ ይሰጣል። አጥቂው ካልቀየረ ግን ያ ጊዜ የለም፤ ሳይሰበሰብ ቶሎ ቶሎ ከተጫወተ ተከላካዩ ሜዳ ላይ ባለው ሰው ይቀጥላል። በሩጫ ሙከራ የገባው 340 ፓውንድ ሰው እንዲህ ሲታሰር በቀጣዮቹ አራት የውርወራ ሙከራዎች ኳርተርባኩን ሲያሳድድ ይውላል። ለዚህ ነው ብዙ አሰልጣኞች በየስናፑ ከመቀየር ይልቅ ሙሉ ጥንድ የሚቀይሩት፤ ሁለት ጥቃት የመጀመሪያው ጥንድ፣ ሦስተኛውን ሁለተኛው ጥንድ። ይህ የሚሠራው ግን ሁለተኛው ጥንድ ራሱን የቻለ ከሆነ ነው፦ አንድ ከባድ፣ አንድ ፈጣን።

ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አምስት ታክል ቆጥረው «ሞልቶናል» ይላሉ፤ አራቱ ግን 295 ፓውንድ የሚመዝኑ፣ ሁሉም 3 ላይ የሚቆሙ ናቸው። ኖዝ ታክሉ የተጎዳ ቀን የሞላው ዝርዝር ባዶ ይሆናል። አሰልጣኙ አንዱን ፈጣን ሰው ወደ 0 ያስገባዋል፤ እሱም ይገፋል። ከ3 ቦታ ስለተነሳ በዚያ በኩል ኳርተርባኩን የሚያስጨንቅ ሰው ይጠፋል። መሀሉን ለመድፈን ከኋላ የሚጠብቀው ሴፍቲ ወደ ፊት ይጠራል፤ እሱ በለቀቀው ቦታ ረጅም ኳስ ይወረወራል። አንድ ቁርጭምጭሚት ሦስት ቦታ አፈሰሰ።

ፊላደልፊያና ዋሽንግተን

ይህ ሁሉ በአንድ ቡድን ላይ በግልጽ ታይቷል። በ2022 ፊላደልፊያ ያለ ሽንፈት እየገሰገሰ ሳለ ኦክቶበር 30 ከፒትስበርግ ጋር ሲጫወት ዴቪስ ቁርጭምጭሚቱን ተጎዳ። በቀጣዩ ጨዋታ ሂዩስተን 168 ያርድ ሮጠበት፤ ኢግልስ ቢያሸንፍም ቀዳዳው ታየ። ኖቬምበር 14 ዋሽንግተን ኮማንደርስ ያንን ቀዳዳ አይቶ መጣ። 49 ጊዜ ሮጡ፤ 152 ያርድ አገኙ፤ በአማካይ በሩጫ ከ3 ያርድ ብዙም የማይበልጥ፣ ሲታይ ተራ ቁጥር ነው። ነገር ግን ከ60 ደቂቃው ኳሱን 40 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ያዙ። ተቀያሪ ያጣው የፊላደልፊያ መስመር ማረፊያ አጣ፤ በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሽንፈቱንም 32 ለ21 ቀመሰ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለው ሐበሻ የኮማንደርስ ደጋፊ ያንን ምሽት አይረሳውም። ብዙዎች የሚያስታውሱት ውጤቱን ነው፤ እኔ ግን ሰዓቱን እንዲያስታውሱት እፈልጋለሁ።

የፊላደልፊያ አመራር መልስ ፈጣን ነበር። በሁለት ቀንና በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት አንጋፋ ታክሎችን፣ የ34 ዓመቱን ሊንቫል ጆሴፍንና የ35 ዓመቱን ንዳሙኮንግ ሱን አስፈረመ። ሁለቱም ቤታቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ማንም 50 ስናፕ አልጠየቃቸውም። የእያንዳንዳቸው ድርሻ አጭር ፈረቃ ነበር፤ ያ አጭር ፈረቃ ሌሎቹን አሳረፈ። ቡድኑ የዓመቱን መደበኛ ጨዋታዎች በ70 ሳክ ጨረሰ፤ አራት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው ከ10 በላይ ነበራቸው፤ ሃሰን ሬዲክ 16፣ ጃቮን ሃርግሬቭ፣ ጆሽ ስዌትና ብራንደን ግሬም 11፣ 11። በሊጉ ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውሉ ግን ከካንሳስ ሲቲ ጋር አንድም ሳክ ሳያገኝ 38 ለ35 ተሸነፈ። ጥልቀት ድልን አያረጋግጥም፤ እስከ ፌብሩዋሪ በጤና ለመድረስ ግን ያለሱ አይሞከርም።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ፊላደልፊያና ካንሳስ ሲቲ ኒው ኦርሊንስ ላይ በሱፐር ቦውል እንደገና ተገናኙ። ፊላደልፊያ ከአራቱ የመስመር ሰዎች ውጪ ተጨማሪ አሳዳጅ አንዴም ሳይልክ የካንሳስ ሲቲን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣለው፤ 40 ለ22 አሸነፈ። ስዌት ሁለት ተኩል፣ ሚልተን ዊሊያምስ ሁለት ሳክ ነበራቸው። ዊሊያምስን ልብ በሉት። ወደ 290 ፓውንድ የሚመዝን፣ በዚያ ዓመት የቡድኑን ስናፖች ግማሽ ያህሉን ብቻ የተጫወተ የፈረቃ ሰው ነበር። ከወር ገደማ በኋላ ኒው ኢንግላንድ በአራት ዓመት 104 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው፤ ስዌትም ወደ አሪዞና ሄደ። ለሁሉም ቡድን የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ጥልቀት በመጋዘን አይቀመጥም። ባለፈው ዓመት «ሞልቶናል» የተባለው ቡድን በሚቀጥለው ጁላይ ከአንድ ይጀምራል።

ዋሽንግተንም በዚያው ዓመት ተራው ደረሰው። በ2024 በሩጫ መከላከል ከሊጉ ጭራ አካባቢ ነበር። ጃንዩዋሪ 26 ቀን 2025 በኮንፈረንስ ፍጻሜው (ወደ ሱፐር ቦውል በሚያሳልፈው ጨዋታ) ፊላደልፊያ 229 ያርድ ሮጦ ሰባት ጊዜ በሩጫ አስቆጠረበት፤ 55 ለ23። በማርች ቡድኑ ለዓመታት የቆየውን ጆናታን አለንን ለቀቀና 319 ፓውንድ የሚመዝነውን ጃቮን ኪንሎን በሦስት ዓመት ውል አመጣ። ውሳኔው ሰፊ አካል ፍለጋ ነበር፤ ከዴሮን ፔን ጎን ሁለተኛ ምሰሶ ተተከለ ማለት ነው። ነገር ግን ሁለት ምሰሶ ከ126ቱ ሥራ 80ውን ብቻ ይሸፍናል።

53፣ 48 እና 16

ቡድኖች ለዝግጅት 90 ሰው ይዘው ይገባሉ። በኦገስት መጨረሻ በአንድ ቀን ወደ 53 ይወርዳሉ። ከአራት የተቆጠሩ ዓመታት በታች ያገለገለ ተጫዋች ሲለቀቅ ሌሎች ቡድኖች በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ካልተወሰደ የራሱ ቡድን 16 ሰው ወደሚይዘው የልምምድ ቡድን ይመልሰዋል። ወጣትና ከባድ ኖዝ ታክል በየቦታው ስለማይገኝ «ለቅቀን በልምምድ ቡድን እንመልሰዋለን» የሚለው ሒሳብ በሱ ላይ አደገኛ ነው።

ከ53ቱም ሁሉም አይለብሱም። በጨዋታ ቀን 48 ይፈቀዳል፤ ያውም ስምንት የአጥቂ መስመር ሰዎች ካሉ ነው፤ ከሌሉ 47። ከልምምድ ቡድን በየጨዋታው ሁለት ሰው ማንሳት ይቻላል፤ አንዱን ሰው ግን በዓመቱ መደበኛ ጨዋታዎች ከሦስት ጊዜ በላይ ማንሳት አይቻልም። የጉዳት ዝርዝር ውስጥ የገባ ተጫዋች ቢያንስ አራት ጨዋታ ይቀራል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ብዙ ራስ ምታት ያመጣል። ኖዝ ታክሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት የሚያስቀር ጉዳት ሲደርስበት፣ ወይ የማይጫወት ሰው በ53ቱ ውስጥ ይዞ በሦስት ታክል መጫወት፣ ወይ ወደ ጉዳት ዝርዝር ልኮ አንድ ሁለት ጨዋታ በትርፍ ማጣት ነው።

በአራት ሰው መስመር የሚጫወት ቡድን ኤጆቹን ጨምሮ 9 ወይም 10 የመስመር ሰው ይይዛል። በሦስት ሰው መስመር የሚጫወተው 5 ወይም 6 ብቻ የያዘ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኤጆቹ በዝርዝሩ ላይ «ላይንባከር» ተብለው ተጽፈዋል። ሁለት ቡድን ሲያወዳድሩ ይህን ሳያዩ «እነሱ አሥር፣ እኛ ስድስት» ማለት ከንቱ ጭንቀት ነው። እኔ ከአንድ ዝርዝር የምፈልገው ሁለት ሰው ለአንድ ሲመጣበት የማይነቃነቁ ሁለት ታክሎች፣ ሁለት ፈጣን ታክሎች፣ ሁለቱንም ሥራ በመጠኑ የሚችል አምስተኛ፣ በልምምድ ቡድን ውስጥም ከ315 ፓውንድ የማያንስ አንድ ሰው ነው።

ኮሌጅ ላይ ጉዳዩ ይለያል። ከ2025 ጀምሮ ትልልቆቹ ፕሮግራሞች ከ105 ተጫዋች በላይ አይዙም፤ ስለዚህ «እያደገ ነው» ተብሎ ሦስት ዓመት የሚቀመጥ ልጅ ቦታው ጠቧል። 265 ፓውንድ ሆኖ የመጣ የ18 ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት 300 ቢሆን የጨመረው ብዙው ስብ ነው፤ በጡንቻ ለመሙላት ሁለትና ሦስት ዓመት ያስፈልጋል። የዝውውር መስኮቱም አሁን በጃንዩዋሪ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በጸደይ ልምምድ የተጎዳ ኖዝ ታክል ምትክ ከዚያ አይመጣም።

ልጆቻቸው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመስመር ለሚጫወቱ ወላጆች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሙቀት የሚጎዱት በብዛት ትልልቆቹ ናቸው። በ2001 የሚኒሶታ ቫይኪንግስ የአጥቂ መስመር ተጫዋች ኮሪ ስትሪንገር፣ በ2018 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ጆርዳን ማክኔር በልምምድ ሙቀት ተመትተው ሞተዋል። ልጁ ከልምምድ በፊትና በኋላ ይመዘን፤ ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ ከወረደ፣ 300 ፓውንድ ከሆነ ማለትም 6 ፓውንድ፣ ውኃው አልበቃውም። ሜዳው አጠገብ በረዶና ውኃ የሞላ ገንዳ መኖሩን አሰልጣኙን ጠይቁ። ንግግሩ የተምታታበት፣ የሚንገዳገድ ልጅ አምቡላንስ ተጠርቶ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ግን ወዲያው ገንዳው ውስጥ ይገባል፤ ማቀዝቀዝ ከማጓጓዝ ይቀድማል።

በቅድመ ውድድር ጨዋታ ምን ይታይ

ሦስቱ የኦገስት ጨዋታዎች ስለ ቋሚዎቹ ብዙም አይነግሩም፤ ስለ አራተኛውና ስለ አምስተኛው ግን ይነግራሉ። ሳክ አትቁጠሩ፤ በሦስተኛው ሩብ የተገኘ ሳክ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በሚያጣ የአጥቂ ታክል ላይ የተገኘ ነው። ይልቅ ታክሉ የትኛው ቁጥር ላይ እንደቆመ እዩ፤ 0 እና 3 ላይ የተፈራረቀ ሰው አሰልጣኙ ለሁለት ሥራ እያሰበው ነው። ሁለት ሰው ሲመጣበት ኳሱን ተዉና ከኋላው ያለውን ላይንባከር ተመልከቱ፤ ላይንባከሩ ነጻ ከሆነ ታክሉ ሥራውን ሠርቷል። ሙከራው ሲያልቅ ታክሉ ከተነሳበት መስመር ፊት ነው ወይስ ኋላ? በአንድ ጥቃት ስንተኛው ስናፕ ላይ ቀና ማለት እንደጀመረ ቁጠሩ፤ አራተኛው ላይ ከሆነ ለ23 ስናፕ አይበቃም። ኳሱ ከ2 ያርድ ውስጥ ሲሆን ከተጠባባቂዎቹ ማን ተጠርቶ እንደሚገባም ያዙ፤ አሰልጣኙ በማን ክብደት እንደሚታመን የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻም ሲቀየር ሮጦ ይወጣ እንደሆነ እዩ። እየተራመደ ሲወጣ ኳሱ ከተጀመረ 12 ሰው ሜዳ ላይ ተቆጥሮ 5 ያርድ ቅጣት ይሆናል፤ አሮን ሮጀርስን የመሰሉ ኳርተርባኮችም የደከመ ትልቅ ሰው መስመሩን ሳይሻገር ኳሱን ለማስጀመር ዓይናቸውን ከሱ ላይ አያነሱም።